ተቀጣሁ፤ አቤት የምለው የት ነው?

(አሶሳ ላይ ለሕዝብ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ ትንሽ ገንዘብ ነው። መኪና ወይም ባጃጅ ያለቦታው አቁመሃል ተብሎ የሚከፈል ቅጣት ጠበቃ አያስቀጥርም። ጋዜጣ አይጽፍለትም፤ ዳኛም እምብዛም አያየውም። ግን እስቲ አስቡት፤ አብዛኛው ሰው ወንጀል ችሎት ፊት አንድ ጊዜ እንኳ ሳይቆም ዕድሜውን ይጨርሳል። የመንግሥትን የመቅጣት ሥልጣን ፊት ለፊት የሚያገኘው መንገድ ዳር ነው፤ ደብተር የያዘ ትራፊክ ፖሊስ፣ መንጃ ፈቃዱን ያስረከበ አሽከርካሪ፣ አንዲት ቅጠል ወረቀት። ክሱም ምስክርነቱም ውሳኔውም በአንድ ሰው እጅ በጥቂት ደቂቃ ያልቃል። ሥልጣን እንዲህ በጠበበ ቦታ ሲታጨቅ፣ የተቀጣው ሰው ምን ያህል ያውቃል ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

አንድ የባጃጅ አሽከርካሪ እንውሰድ። ባጃጇ የእሱ አይደለችም፤ ለባለቤቷ በየቀኑ ገቢ ያስገባል፤ ቤንዚኑም ቅጣቱም ከእሱ ኪስ ነው። መንገድ ጠርዝ ላይ ነፍሰ ጡር ሴት ሊያወርድ ቆመ እንበል። ተቀጣ። «ምልክት የለም እኮ!» አለ። «ምልክት አያስፈልግም፤ ደንቡ ይከለክላል» ተባለ። ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ቦታ፣ ለምሳሌ የመስቀለኛ መንገድ አፍ ወይም የእግረኛ ማቋረጫ፣ ምልክት ኖረም አልኖረም መቆም አይፈቀድበትም። ሌላው ቦታ የሚከለከለው ግን ምልክት ሲተከል ወይም ጠርዙ ቀለም ሲቀባ ነው። አሽከርካሪያችን የቆመበት ቦታ ከየትኛው ወገን ነው? ወረቀቱ ላይ የደንቡ ቁጥርና አንቀጹ ተለይቶ ከተጻፈ ማጣራት ይቻላል። «ያለቦታው በመቆም» ብቻ ከተጻፈ ግን ሰውየው የሚያነበው ነገር ቢኖረውም የሚከራከርበት ነገር የለውም።

አቤት ልበል ቢልስ ወዴት ይሂድ? ወረቀቱን የጻፈው ፖሊስ ነው። የጥፋት ነጥቡ የሚያያዘው ከመንጃ ፈቃዱ ጋር ስለሆነ ጉዳዩ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ነው። የት ይቆማል፣ የት አይቆምም የሚለው ምልክትና ቀለም የከተማው አስተዳደር ሥራ ነው። ብሩ ደግሞ በደረሰኝ ወደ ፋይናንስ ይገባል። አራት በር! በየበሩ የተቀመጠው ሠራተኛ በፍጹም ቅንነት «ይህ እኛን አይመለከትም» ሊለው ይችላል፤ አልዋሸም፤ የእሱ ድርሻ ሩቡ ብቻ ነው። አሽከርካሪው ሁለተኛው በር ላይ ቆሞ የቀን ገቢውን ያሰላል። በክርክር የሚባክነው ግማሽ ቀን ከቅጣቱ ይበልጥበታል። ስለዚህ ይከፍላል። በመዝገብ ሲታይ ግን ጥፋቱን አምኖ የከፈለ ይመስላል። «በሩብ ዓመቱ የቀረበ ቅሬታ የለም» የሚል ሪፖርት በሰማሁ ቁጥር የማስበው ይህን ሰው ነው።

ሌላም መንገድ አለ። ሁላችንም እናውቀዋለን፤ አዳራሽ ውስጥ አንናገረውም እንጂ። «ለሻይ» ይባላል። ስለ ሻይ ሲነሳ ወዲያው ስለ ሥነ ምግባር መስበክ ይቀናናል። እኔ ግን አስቀድሜ የማየው መረጃውን ነው። አሽከርካሪው ለዚህ ጥፋት የተቀመጠው ብር ስንት እንደሆነ ካላወቀ የሚነገረው ቁጥር ሁሉ ያስፈራዋል፤ ከተነገረው ዝቅ ያለው ሁሉ ደግሞ ትርፍ ይመስለዋል። ድርድሩ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። ዋጋ በተለጠፈበት ሱቅ ጭቅጭቅ እንደሚያጥር ሁሉ፣ ቅጣቱ በአደባባይ የተጻፈበት ከተማ ውስጥ ለሻይ የሚሆን ክፍተት ይጠባል። በዚህ ጨለማ ሐቀኛው ፖሊስም ይጎዳል፤ ትክክለኛውን ጽፎ እንኳ «ጨመረብኝ» ይባላል፤ ማስተባበያ የሚሆን የተለጠፈ ሰሌዳ የለውም።

ቁጥሩን አለማወቅ የስንፍና ጉዳይ ብቻ አይምሰላችሁ። የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208 በ2003 ዓ.ም. ወጣ። ጥፋቶችን በደረጃ ከፋፍሎ ለየደረጃው የገንዘብ ቅጣትና የጥፋት ነጥብ አስቀመጠ። በ2009 ዓ.ም. በደንብ ቁጥር 395 ተሻሻለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ደንብ ቁጥር 557 መጣ፤ ቅጣቱም ከፍ አለ። ሦስቱም የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንቦች ናቸው፤ አዲስ አበባ ወጥተው አሶሳ ላይ የሚሠሩ። በ2005 ዓ.ም. የመንጃ ፈቃድ ትምህርት ተከታትሎ የወጣ ሰው በጭንቅላቱ የያዘው የ2003ቱን ሠንጠረዥ ነው። ሕጉ ሁለት ጊዜ ሲለወጥ ማን ነገረው? ራሱ ፈልጎ ካላነበበ ወይም ሬዲዮ ላይ በአጋጣሚ ካልሰማ፣ ለውጡን የሚያስተምረው አዲሱ የቅጣት ወረቀት ነው።

የቀድሞው ዘመን በዚህ ረገድ ከእኛ የሚሻልበት ነገር ነበረው። አዋጅ ሲወጣ በገበያ ቀን ነጋሪት ይጎሰማል፤ አዋጅ ነጋሪው በሰው መሐል ቆሞ ይናገራል፤ የሰማው ላልሰማው ያደርሳል። ሕጉ ደግ ነበር ማለቴ አይደለም፤ ብዙው ከባድ ነበር። ግን ሰው ወዳለበት ይሄድ ነበር። ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ ነጋሪት ጋዜጣ መታተም ጀመረ፤ ሕጉም በወረቀት ሰፈረ፤ ቁጥርና አንቀጽ ኖረው፤ ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። የፌዴራሉ ነጋሪት ጋዜጣ በአዋጅ ቁጥር 3/1987 ሲቋቋም የፌዴራል ሕጎች ሁሉ በእሱ እንዲታተሙ ተደነገገ። የእኛም ክልል ልሳነ ሕግ ጋዜጣ አለው። ይሁን እንጂ ከማተሚያ ቤት የወጣ ጋዜጣ በራሱ እግር ገበያ አይሄድም። ከአሶሳ ነዋሪ መካከል ልሳነ ሕግን በእጁ ይዞ ያየ ስንት አለ? ጠበቆችና ዳኞች ይቆዩልን።

ሕጉ በበኩሉ አለማወቅን ምክንያት አድርጎ አይቀበልም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 81 ሕግን አለማወቅ መከላከያ እንደማይሆን ይናገራል፤ ሰውየው በቂ ምክንያት ኖሮት ከተሳሳተ ግን ዳኛው ቅጣቱን ማቅለል እንዲችል በር ይከፍታል። ዋናው ደንብ ትክክል ነው፤ ያለዚያ ሁሉም «አላወቅሁም» ብሎ ያልፋል። ነገር ግን «አላወቅሁም አትበለኝ» የሚል መንግሥት ማሳወቅ ግዴታው ይሆናል። ሁለቱ አብረው ካልሄዱ ደንቡ ወጥመድ ነው።

እዚህ ላይ የክልላችን ጉዳይ ይለያል። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ የበርታ፣ የጉሙዝ፣ የሺናሻ፣ የማኦና የኮሞ አገር ነው፤ አማራው፣ ኦሮሞውና ሌላውም አብሮ ይኖራል። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። የቅጣት ወረቀቱም በአማርኛ ይጻፋል፤ አንዳንዴ ደግሞ የሐኪም ማዘዣ በሚመስል የእጅ ጽሑፍ። በርታኛ አፉን የፈታ፣ ከመንጌ ገበያ ሰው ጭኖ የመጣ ወጣት አማርኛ ይናገራል፤ የሕግ አማርኛ ማንበብ ግን ሌላ ነገር ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 ለተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው ይላል። ባጃጁ የተቀጣበት ሰው የተያዘ ሰው አይደለም፤ ስለዚህ አንቀጹ በቀጥታ አይሠራለትም። ሐሳቡ ግን ወደ ታች ሊወርድ ይችላል፤ አንድ ገጽ የቅጣት ሠንጠረዥ በአምስት ቋንቋ ማተም የክልሉን በጀት አያናጋም።

አሁን ወደ ሕጉ ሆድ ልግባ፤ ትንሽ ታገሡኝ፤ የዛሬው ንግግሬ ፍሬ እዚህ ነው። በ2012 ዓ.ም. የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 ወጣ። በእኔ ግምት በአገራችን ስለ መንግሥት አሠራር ከወጡት ሕጎች ሁሉ ለተራው ሰው የሚጠቅም ቢኖር እሱ ነው። መመሪያ የሚያወጣ ተቋም ረቂቁን ለሕዝብ አስተያየት እንዲያቀርብ ያስገድዳል። መመሪያው ካልተመዘገበና በድረ ገጽ ካልተጫነ ተፈጻሚ አይሆንም። ውሳኔ ሲሰጥ ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲቀርብ፣ ቅሬታ የሚሰማ አካል እንዲኖር፣ በመጨረሻም ፍርድ ቤት ውሳኔውን እንዲመረምር ይፈቅዳል። ግሩም ነው። ግን ስሙን ልብ በሉት፤ የፌዴራል ነው። የክልል ቢሮ፣ የክልል ፖሊስና የአሶሳ ከተማ አስተዳደር ውስጥ በዚያ አዋጅ ስም ገብታችሁ መከራከር አትችሉም። አንድ ዓይነት ጥፋት ፈጽሞ፣ በአንድ የፌዴራል ደንብ የተቀጣ ሰው፣ አቤቱታውን የሚያቀርብበት ሥርዓት እንደቆመበት ከተማ ይለያያል ማለት ነው።

ታዲያ እጃችን ባዶ ነው? አይደለም። አዋጅ ቁጥር 590/2000 አለ፤ የመገናኛ ብዙኃን ነጻነትና የመረጃ ነጻነት አዋጅ። ብዙ ሰው የጋዜጠኞች ሕግ ስለሚመስለው አይነካውም። የጋዜጠኛው ክፍል በ2013 ዓ.ም. በወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 ተተክቷል፤ ስለ መረጃ የሚናገረው ክፍል ግን ዛሬም ይሠራል። ይህ አዋጅ በፌዴራሉ መሥሪያ ቤቶች ላይ አልቆመም፤ የክልልንም ይመለከታል። ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ይነሳል፤ የዚያው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 ደግሞ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል። ማንም ሰው ለምን እንደፈለገ ምክንያት ሳይሰጥ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ መጠየቅ ይችላል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፤ ሲበዛ አንድ ጊዜ ማራዘም ይፈቀድለታል። ከከለከለ ምክንያቱን በጽሑፍ ያሳውቃል። የአቤቱታ አቀራረቡን፣ የሚሰጠውን አገልግሎት፣ የሚመራበትን መመሪያ ደግሞ ማንም ሳይጠይቀው አስቀድሞ ማውጣት ግዴታው ነው። ስለዚህ የቅጣት ሠንጠረዡና የአቤቱታ መንገዱ ግድግዳ ላይ እንዲለጠፍ ስንጠይቅ ቸርነት እየለመንን አይደለም። መደበቅ የሚገባው መረጃ በሕጉ ተዘርዝሯል፤ የሦስተኛ ሰው የግል ጉዳይ፣ በምርመራ ላይ ያለ ወንጀልና የመሳሰለው። «ባለፈው ዓመት በዚህ መንገድ ላይ ያለቦታው በመቆም ስንት ሰው ተቀጣ፣ ስንቱ አቤት አለ፣ ስንቱስ ተነሳለት» የሚለው ቁጥር ከእነዚህ ውስጥ የለበትም።

ቁጥር ምን ያደርጋል የሚል ይኖራል። ስለ አንድ የኒውዮርክ ሰው ልንገራችሁ። ቤን ዌሊንግተን ይባላል፤ የስታቲስቲክስ መምህር ነው። ከተማዋ የማቆሚያ ቅጣት መዝገቧን ለሕዝብ ክፍት አድርጋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 መዝገቡን ሲመረምር ማንሐተን ውስጥ ፎርሳይዝ በሚባል ጎዳና ላይ ያሉ ሁለት የእሳት አደጋ የውሃ ማውጫዎች ብቻቸውን በዓመት በአስር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ቅጣት እንደሚያስገቡ አየ። ሄዶ ሲያይ ቦታው ለማቆሚያ ተብሎ ቀለም የተቀባ ይመስላል፤ በማውጫውና በመኪናው መካከል የብስክሌት መንገድ አለ። ሹፌሩ እንዲያቆም ተጋብዞ ይቀጣል። ጉዳዩን ጻፈ፤ ከተማዋም ቀለሙን አስተካከለች። ከሁለት ዓመት በኋላ የባሰውን አገኘ። የከተማዋ ሕግ ተሻሽሎ፣ የእግረኛ ማቋረጫ በሌለበት የእግረኛ መውረጃ ተዳፋት ፊት መቆም ተፈቅዶ ሳለ ፖሊሶች ለዓመታት በአሮጌው ሕግ ሲቀጡ ኖረዋል፤ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ። የፖሊስ መሥሪያ ቤቱ አልካደም። ስህተቱን አምኖ ፖሊሶቹን መልሶ እንደሚያሠለጥን አሳወቀ።

ልብ አድርጉልኝ፤ ከሺህ ሾፌሮች አንዳቸውም ብቻቸውን ይህን ማረጋገጥ አይችሉም ነበር። እያንዳንዱ ያየው የራሱን ቅጣት ነው። አንድ ቦታ ላይ ቅጣት ሲከመር ወይ የሰው ጥፋት ነው፣ ወይ የቦታው። የቦታው ከሆነ መፍትሔው ቀለምና ምልክት ነው። ይህ የሚታየው ግን መዝገቡ ሲወጣ ነው። አሶሳም ውስጥ እንዲህ ያለ ማዕዘን እንደማይጠፋ እጠረጥራለሁ፤ ባጃጅ ነጂዎች ሳትሆኑ አትቀሩም ቦታውን የምታውቁት።

ዋሽንግተን ዲሲ ያሉ ወገኖቻችን፣ በተለይ ታክሲ የሚነዱት፣ «ትኬት በላሁ» ሲሉ ሰምታችሁ ይሆናል። እነሱ ላይም ቅጣት አይቀርም፤ እንዲያውም ይበዛል። ግን ወረቀቱ ራሱ በተወሰነው ቀን ውስጥ ካልከፈልክ ወይም ካልተከራከርክ ቅጣቱ እጥፍ ይሆናል፣ መከራከሪያውም ይህ ነው ብሎ ይነግራቸዋል። በፖስታ ወይም በኢንተርኔት መከራከር ይቻላል፤ ጉዳዩን የሚያየውም ቅጣቱን ከጻፈው ሰው የተለየ ነው።

አዲስ አበባ የራሷ ታሪክ አላት። ያለቦታው የቆመ መኪና ታርጋ ፈትቶ መውሰድ እዚያ ለዓመታት የታወቀ ልማድ ነበር። ባለመኪናው ሲመለስ ታርጋው የለም፤ የወሰደው ማን ነው፣ ያለው የት ነው ብሎ ጥበቃውን፣ ጫማ ጠራጊውን ይጠይቃል። መረጃ የሌለው ቅጣት መልኩ ይህን ይመስላል። ከተማዋ ከዚያ ወዲህ ብዙ ሠርታለች፤ በ2009 ዓ.ም. መገናኛ ላይ መኪና በማሽን የሚደረደርበት ማቆሚያ፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ መስቀል አደባባይ ሥር ሰፊ ማቆሚያ ተመርቋል። የትራፊክ ቅጣትም በቴሌብር መከፈል ተጀመረ። ጥሩ ነው፤ ሰልፍ ይቀንሳል። ግን በየአገሩ ያየሁት አንድ ጠባይ አለ፤ የገንዘብ መቀበያው ሁልጊዜ ከአቤቱታ መቀበያው ቀድሞ ይዘምናል።

ከእነዚህ ከተሞች አሶሳ የምትወርሰው ሌላ ትምህርትም አለ፤ «አትቁም» ከማለት በፊት «እዚህ ቁም» ማለት። ከተማችን የክልል ቢሮዎች፣ ዩኒቨርሲቲ፣ የእርዳታ ድርጅቶች መኪኖች፣ ከመንዲና ከነቀምቴ መስመር የሚገቡ የጭነት መኪኖች፣ ከሁሉም በላይ ባጃጆች የሚተራመሱባት ናት። ተራ አስከባሪው አንድ ቦታ ይጠራል፤ ትራፊኩ እዚያው ይቀጣል። የተፈቀደው ቦታ በካርታ ወጥቶ ካልተለጠፈ፣ ከሁለቱ ትክክለኛው የትኛው ትእዛዝ እንደሆነ በምን ይታወቃል?

ከቢሮ ሰዎች የምሰማውን ተቃውሞ ዘልዬ አልሄድም። «ሠንጠረዡን ከለጠፍን አሽከርካሪው ደንቡን ለማምለጥ ይጠቀምበታል» ይላሉ። ደንቡን አውቆ በተከለከለው ቦታ ላይ ካልቆመ እኮ ደንቡ ሠራ! «አቤቱታ ከበዛ የፖሊስ ክብር ይወርዳል» የሚለው ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ፀሐይና አቧራ ውስጥ ቆሞ የሚውለው ፖሊስ ሥራው ከባድ ነው። ክብሩ ግን የሚጠበቀው የጻፈው ወረቀት ሲመረመር ጸንቶ ሲገኝ ነው። ሰነፍ ነጂዎችም አሉ፤ ለሰላምታ መንገዱ መሐል የሚቆሙ፣ አምቡላንስ የሚዘጉ። ይቀጡ። የእነሱ ቅጣትም በቁጥሩ ውስጥ ይግባ፤ አሳሳቢነቱ ይታያል።

እንግዲህ ምን ይጠየቅ? የመጀመሪያው ለትራንስፖርት ቢሮው የሚቀርብ ነው፤ አሁን በሥራ ላይ ያለው ደንብና የቅጣት ሠንጠረዥ ቅጂ። ሁለተኛው ለከተማው አስተዳደር ነው፤ ማቆም የተፈቀደበትና የተከለከለበት ቦታ ዝርዝር፣ ማን እንደወሰነውና መቼ እንደተወሰነ። ከፖሊስ የሚፈለገው የአንድ ዓመት ጥቅል ቁጥር ነው፤ በየመንገዱ ተከፋፍሎ፣ የማንም ስምና ታርጋ ሳይኖርበት። በሦስቱም ደብዳቤ ላይ አንድ ጥያቄ ይደገም፤ ቅጣቱን የማይቀበል ሰው በስንት ቀን ውስጥ፣ ለማን፣ በምን መልክ ያመልክት? ከሦስቱ የሚመጡት መልሶች ካልተስማሙ አለመስማማታቸው ራሱ ዋና ግኝት ነው፤ ለክልሉ ምክር ቤት አባላት የሚወሰድ ጉዳይ ይሆናል። የነጂዎች ማኅበራት በጋራ ቢጠይቁ ይሻላል፤ አንድ ሰው ስሙን አስፍሮ ማመልከት የሚፈራበት ምክንያት ይገባኛል፤ ነገ እዚያው መንገድ ላይ ነው የሚውለው።

የተቀጣችሁ ደግሞ ሦስት ነገር አትርሱ። ወረቀቱን ፎቶ አንሱት፤ የቆማችሁበትን ቦታም፣ ምልክት ካለ ከነምልክቱ፣ ከሌለም ከነባዶነቱ። ያለ ሞዴል 64 ወይም ያለ ሌላ ሕጋዊ ደረሰኝ ብር አትስጡ። አቤቱታችሁን ስታስገቡ ቅጂው ላይ ቀንና ማኅተም ይደረግላችሁ። ፍርድ ቤት የሄደ ሰው ደግሞ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 37 ይያዝ፤ በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት የማቅረብ መብት የሁሉም ሰው ነው፤ የብሩ ትንሽነት አይከለክለውም።

መረጃውን የጠየቃችሁት መሥሪያ ቤት 30 ቀን ዝም ቢል መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ ነው የሚቀርበው። እሱም ካልመለሰ ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም፤ የመረጃ ነጻነት አዋጁን የማስፈጸም ኃላፊነት የተሰጠው እሱ ነው። ከዚያ ፍርድ ቤት አለ። መጻፍ የማይችል ወይም ለማመልከቻ ጸሐፊ የሚከፍለው የሌለው በቃሉ ይጠይቅ፤ ሕጉ ይፈቅዳል፤ ጥያቄውን በጽሑፍ ማስፈር የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛው ሥራ ነው።